ደወል የሌለው ሥራ



ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጭንቀት ለመነጋገር ላሊበላ ድረስ ምን አመጣን የሚል ሰው አይጠፋም። መምህሩ የሚኖረው ወልዲያ ነው፤ ደሴ ነው፤ ባሕር ዳር ነው። እዚህ ያለው ካህኑ፣ አስጎብኚው፣ ባለ ሆቴሉና ገበሬው ነው። እኔ ግን ነገሩ እዚሁ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። የወልዲያው መምህር ልቡ ሲዝል ክፍሉ አይዘጋም፣ ተማሪውም አይበተንም። የሚቀረው ወደ እናንተ የሚያመጣው መንገድ ነው።

እስቲ ስለዚህ አገር ማን እንደጻፈ እናስታውስ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አየ፤ ያየሁትን ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ ስለ ሰጋም እስከ መማል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የጥገናውን ሥራ መራ። ጌኦርግ ጌርስተር በፎቶግራፍ ለዓለም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዓለቱ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተፈለፈለ የሚተነትን ጥናት አንቲኩዊቲ በተባለው መጽሔት አወጡ። ከራሳችን ሰዎች ደግሞ ሥርግው ሀብለ ሥላሴና ታደሰ ታምራት አሉ። የዛጉዌን ዘመን ያለ እነርሱ መጽሐፎች ማስተማር አይቻልም፤ ሁለቱም መጽሐፎች የታተሙት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ በዚያን ጊዜ ከአንድ ሁለት አይበልጡም ነበር። ታዲያ የላስታን ነገር የሙጥኝ ብሎ የያዘ፣ ዕድሜውን የሰጠው የአገር ልጅ ተመራማሪ ስንት አለ?

ከውጭ የሚመጡትን አላማም፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን ለሦስት ሳምንት የመጣ ሰው የማይጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ከዓለቱ ስንጥቆች የትኛው ከየትኛው ዝናብ በኋላ ይሰፋል? አቡነ ዮሴፍ ላይ በግና ቀይ ቀበሮ የሚገናኙት በየትኛው ወር ነው? ገብሱ ወደ ላይ እየገፋ ጓሳውን የነካው በማን ዘመን ነው? ቱሪስት ሲጠፋ የከተማው ሰው በምን ኖረ፤ ማን ተሰደደ፤ ማን ወደ እርሻ ተመለሰ? እንዲህ ያለው ጥያቄ በጋም ክረምትም መመላለስ ይፈልጋል። የሰዉን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ዓመት ቆይቶ ቢመጣ በስሙ የሚጠራ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ድልብን ወጥቶ፣ ጋሸና ላይ ታጥፎ፣ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ መድረስ የሚችለው የወልዲያው መምህር ነው። ለምን አይመጣም?

የመምህር ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደወል አለው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ይገባል፤ ተማሪው ይጠብቃል። የፈተናው ቀን ተለጥፏል፤ ግሬድ የሚገባበትን ቀን ሬጅስትራር ቆርጦታል። መምህሩ ቢከፋውም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ባይዞርም፣ የቤት ኪራይ ሁለት ወር ቢወዘፍበትም ይገባል፤ ያስተምራል፤ ያርማል። የተማሪ ዓይን አለበት፣ ይሉኝታ አለበት። ሁለተኛው ሥራ፣ ምርምሩ፣ ደወል የለውም። ዛሬ ያልተጻፈው አንቀጽ ነገ ይጻፋል። ዘንድሮ ያልተወጣው ተራራ ለከርሞ ይወጣል። ቀረህ ብሎ የሚደውል፣ ቀረህ ብሎ የሚያለቅስ የለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህሩ ጊዜ 75 በመቶው ለማስተማር፣ 25 በመቶው ለምርምር ተብሎ ሲደለደል ኖሯል። ጭንቀት ሲገባ መጀመሪያ የሚበላው ይህንን ሩብ ነው። ክፍሉ ስለማይዘጋም ጉዳቱን የሚያይ የለም፤ ዲኑ አያየውም፣ ሚኒስቴሩ አያየውም። መምህሩ ራሱ እንኳ «ጊዜ አጣሁ እንጂ» እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

በእኛ አካባቢ ይህ ነገር ከሌላው በረታ። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ገና ወጣት ተቋም ነው። በሰሜኑ ጦርነት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ወደመ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያው ደረሰበት። መምህራኑ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፤ ከወጡት አንዳንዶቹ የዓመታት መረጃቸውን በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ጥለው ነው የወጡት። የጠፋ ኮምፒውተር በዝርዝር ተመዘገበ። ማይክሮስኮፕ ተመዘገበ፤ ወንበር፣ ፍራሽ፣ ጄኔሬተር ተመዘገበ። መመዝገቡም ተገቢ ነበር፤ እርዳታ ያለ ዝርዝር አይመጣም። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን ወገኑ ሞቶበት፣ ቤቱ ተዘርፎበት፣ ሲመለስ በማግስቱ ክፍል ግባ የተባለው ሰው የሚመዘገብበት ዓምድ አልነበረም። ላቦራቶሪው መልሶ ተቋቋመ ሲባል ሰውየውም ተቋቋመ ተብሎ ታለፈ።

ከዚያ ወዲህም ፋታ አልተገኘም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በግጭት የደረሰውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ጽሑፉ ከውጭ መጽሔት ገምጋሚዎች አስተያየት ተሰጥቶበት በተወሰነ ቀን አርሞ እንዲልክ የተጠየቀ ሰው ያ ቀን ሲያልፍበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ላስታ መውጣት የድፍረት ጉዳይ ይሆናል፤ የትኛውም ቤተሰብ ያለው ሰው ለአንድ መጠይቅ ብሎ ነፍሱን አያስይዝም፤ ሊያስይዝም አይገባም። የትግራይ መምህራን ወንድሞቻችንም ቢሆኑ ከዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተዋል። የሰሜኑ ጦርነት ዕዳ በሁለቱም በኩል በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ስለ ገንዘብ ሳይነገር ይህ ነገር አይገባም። በኅዳር 2015 መጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው ቆመ፤ ጥያቄው ግን አብሮ አልቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ የደመወዝ ማሻሻያ መጥቷል፤ ገበያው ግን አልጠበቀም። ስለዚህ መምህሩ ቅዳሜና እሑድ ኤክስቴንሽን ያስተምራል፣ በግል ኮሌጅ ኮርስ ይይዛል፣ የሰው ቴሲስ ያርማል። ሰነፍ አይደለም። በሳምንት ሰባት ቀን ይሠራል፤ ከሚሠራው ውስጥ ግን ምርምር የሚባል የለበትም።

ሴንዲል ሙላይናታንና ኤልዳር ሻፊር ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ በ54 መንደሮች የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን አጥንተው ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። አገዳው በዓመት አንዴ ነው የሚሸጠው። እነዚያኑ ሰዎች ከምርት በፊት፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የማሰብ ችሎታን የሚለካ ፈተና ሰጧቸው፤ ከምርት በኋላ፣ ዕዳቸውን ከፍለው ሲቀመጡ፣ ደግመው ሰጧቸው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ከምርት በኋላ በግልጽ ተሻሻለ። መጀመሪያ የተፈተኑት ሐሳባቸው ግማሹ ገበያና ዕዳ ጋ ሆኖ ነበር። እናንተ የላስታ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሕንድ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ነሐሴ ላይ ጎተራው ተጠርጎ ያለ አባወራና ጥር ላይ እህሉን ያስገባ አባወራ ያው ሰው ሲሆን፣ ለሽምግልና የምትጠሩት የትኛውን ጊዜ እየጠበቃችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የወር ደመወዙ በ15ኛው ቀን የሚያልቅበት መምህር የወሩ ግማሽ ነሐሴው ነው።

አንዳንድ ሰው ትንሽ ግፊት ሥራ ያሠራል ይላል። እውነት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ መጠነኛ ግፊት ትምህርትን እንደሚያፋጥን፣ ሥራው ሲከብድ ግን ግፊቱ ሲበዛ ውጤቱ እንደሚበላሽ አሳይተዋል። ምርምር ደግሞ ከከባዶቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ሰላም ባለበት አገር እንኳ ቀላል አይደለም፤ በቤልጅየም ፍላንደርስ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ተጠይቀው ከሦስቱ አንዱ ለአእምሮ ሕመም የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ዘግቧል። መብራት ሳይጠፋ፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ የተኩስ ድምፅ ሳይሰማ!

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ስለ ጭንቀትና ስለ ምርምር ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚቆጥረው የታተሙ ጽሑፎችን ነው፤ ስንት ቀነሰ፣ ስንት ጨመረ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥያቄው ራሱ መለወጡ ነው። የተጨነቀ መምህር ምርምር ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ ለማዕረግ ዕድገት ፐብሊኬሽን ስለሚያስፈልገው አንድ ነገር ማውጣት አለበት። ስለዚህ ቅርብ፣ ፈጣንና የማያጣላ ጥያቄ ይመርጣል። በራሱ ግቢ ላሉ ተማሪዎች መጠይቅ ይበትናል፤ በሁለት ሳምንት ይሰበስባል፤ በኮምፒውተር ያስላል፤ ይጽፋል። በሪፖርት ላይ አንድ ተብሎ ይቆጠርለታል። አቡነ ዮሴፍን ለመውጣት ያሰበው ጥናት፣ በገዳማት ያሉትን መጻሕፍት ለመመዝገብ የጀመረው ፕሮፖዛል፣ ከአስጎብኚዎች ጋር ሊያደርገው የነበረው ረዥም ቃለ መጠይቅ በመሳቢያ ይቀራል። ሁለቱም ቢሠሩ በሪፖርቱ አንድ አንድ ናቸው። ስለዚህ የምርምር ቁጥር ሲጨምርም ስለ ላስታ ያለን እውቀት ባለበት ሊቆም ይችላል።

የጨነቀው ሰው ደግሞ ለአጭበርባሪ ቅርብ ነው። ገንዘብ ብቻ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶችን ስም ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ ድረስ ይዘረዝር ነበር። እነዚህ አታሚዎች በኢሜይል «ውድ ፕሮፌሰር» ብለው የሚጽፉት ለማን እንደሆነ ያውቃሉ። የዕድገት ቀነ ገደብ የደረሰበት፣ ከሐቀኛው መጽሔት መልስ ስምንት ወር የጠበቀ ሰው ያን ኢሜይል ሲያገኝ የሚሰማውን እፎይታ አውቀዋለሁ። ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ዓለም አቀፍ አሠራር ክፍያ ከሚቀርላቸው አገሮች መካከል ናት፤ ብዙዎቹ ሐቀኛ መጽሔቶች በነፃ ያትሙልናል። ይህን ቁጭ ብሎ ለመፈለግ ግን የተረጋጋ ሰዓት ይጠይቃል፤ የጠፋው ደግሞ እርሱ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። አንድ የማውቀው መምህር፣ ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፣ ለደጋው ጥናት አነስተኛ በጀት ተፈቀደለት። መኪና በማይገባበት መንገድ ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ ወጣ። ሲመለስ ሒሳብ ሊያወራርድ ፋይናንስ ሄደ፤ የበቅሎውን ኪራይ ደረሰኝ አምጣ አሉት። ባለ በቅሎው የግብር መለያ ቁጥር የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ መጻፍም አይችልም፤ በጣቱ አሻራ ፈርሟል። አልተቀበሉትም። በሌላ ቀን ሦስት ፕሮፎርማ ይዘህ ና ተባለ። ለአንዲት በቅሎ ሦስት ፕሮፎርማ! ወሩ ሲያልቅ ያልተወራረደው ገንዘብ ከደመወዙ ተቆረጠ። የፋይናንስ ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እርሷንም ኦዲተር ይይዛታል። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ወደ ደጋ የሚወጣ ፕሮፖዛል አልጻፈም። ስለ እርሱ ስናወራ ምርታማነቱ ቀነሰ እንላለን። የቀነሰው ምን እንደሆነ ግን አንመረምርም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ሙግት አለ፤ ጥሩ ሙግት ነው። የአገራችን ትላልቅ ሥራዎች በችግር ውስጥ የተሠሩ አይደሉም ወይ? ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን ልብ ወለድ ተርጉሟል። አከብረዋለሁ፤ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል። ይሁን እንጂ በዚያው እስር ቤት ሐሳባቸው አብሯቸው የተቀበረውን ማን ይቁጠራቸው? አንድ ጽኑ ሰው ወጣ ብለን እስር ቤትን የሥነ ጽሑፍ ቤት አድርገን ልናቆመው አንችልም። በተጨማሪም ለእርሱ አንድ መጽሐፍና አንድ ብርቱ አእምሮ በቅተውት ነበር። የአፈር ናሙና የሚወስድ ሰው፣ የዓለቱን እርጥበት ዓመት ሙሉ የሚለካ ሰው በጽናት ብቻ አይሠራም።

ሐሳብ ጸጥታ እንደሚፈልግ ከአባቶቻችን የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጎረቤታችን ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። የቅኔ ተማሪ ቆጠራ ሲወጣ ከሰው ይለያል፤ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ይቀመጣል፤ ያገኘው ሰው ሰላም ብሎ አያስተጓጉለውም። ያ የቅኔው ሰዓት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ያ ተማሪ ደኻ ነበር፤ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚበላው፤ ረኃቡንና ውሻውን ማሞገስ አልፈልግም። የሰዓቱ መከበር ግን ሥርዓት ነበር፤ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ሥርዓት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ተመራማሪ ዶክትሬት ይዞ ያን ያህል የተከበረ ሰዓት የለውም። ስብሰባ ይጠራል፤ ኮሚቴ ይመደባል፤ ቅዳሜ ሥልጠና ይባላል።

ፍርሃትንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በሚያዝያ 1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ ከመካከላቸው ሐኪሙ ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነበሩ። ያ ደብዳቤ የደረሰው ለእነዚያ ሰዎች ብቻ አልነበረም። የቀሩትም አነበቡት። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደማይጠየቅ ተማሩበት፤ ለተማሪዎቻቸውም ሳይናገሩ አስተማሩት። ዛሬም በክልላችን ስለ መሬት፣ ስለ ተፈናቃይ፣ ስለ ግጭት ማጥናት የሚፈልግ ወጣት መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘዴውን አይደለም፤ ማን ይቆጣል ብሎ ነው። ደመወዝ ቢጨመርለትም ይህ ጭንቀት አይለቀውም።

ምን ይደረግ? መፍትሔው ሁሉ በእጃችን አይደለም። ሰላም በእኔ ንግግር አይመጣም፤ ደመወዝም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲዎች ነገ ጠዋት ሊያደርጉት የሚችሉት ግን አለ። ለመስክ ምርምር የሚያገለግል የገበሬ ክፍያ ፎርም፣ በቀበሌ ማኅተም የሚረጋገጥ፣ ኦዲተሩ አስቀድሞ የተስማማበት፣ ያዘጋጁ። የትምህርት ጫናውን አሰባስበው ለመምህሩ ከሁለት ሴሚስተር በአንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ስብሰባ የማይጠራበት፣ ክፍል የማይመደብበት ጊዜ ይስጡት። ለተማሪ የሚሰጠው የምክር አገልግሎት ለመምህሩም ይከፈት፤ ሄዶ የታየ መምህር ስሙ እንዳይነሣ ይደረግ። ዕድገት ሲሰጡ ለአንድ ዓመት የደጋ ጥናት ለሁለት ሳምንት መጠይቅ ከሚሰጡት በላይ ይስጡት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሴኔቱ ቁጭ ብሎ መወሰን ነው።

ለላሊበላ ሰዎችም ጥያቄ አለኝ፤ የመጣሁበትም ለዚህ ነው። ቱሪስቱ በቀረባቸው ዓመታት ብዙ ሆቴሎቻችሁ ባዶ ክፍል ይዘው ከርመዋል። ከእነዚያ ክፍሎች አንዳንዶቹን ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ለመምህራን በወር ኪራይ፣ በአቅማቸው ልክ ብትሰጡስ? ጠረጴዛ፣ መብራትና በር የሚዘጋ ክፍል። ቁርሱን አብራችሁ ብትቆጥሩበት ይከፍላል። አስጎብኚዎቻችን ደግሞ በእጃችሁ ያለው እውቀት በየትም ቤተ መጻሕፍት የለም፤ በ1970 ዓ.ም. 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የነበሩ ሽማግሌዎች አሁንም በሕይወት አሉ። ከመምህሩ ጋር ተቀመጡ፤ ድምፃቸውን ይቅዳ። ማኅበራችሁ አንድ መዝገብ ቢይዝ፣ የመጣው ተመራማሪ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀ፣ የጻፈውን መልሶ እንዳመጣ ወይም እንዳላመጣ ብትጽፉ፣ የሚቀጥለው ሰው ከዜሮ አይጀምርም። እናንተም አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ከመመለስ ትድናላችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ሁለት ስም መመዝገብ እፈልጋለሁ፤ አንድ ክፍል የሚሰጥ ባለ ሆቴልና በዚህ ክረምት ሊመጣ የሚፈቅድ አንድ መምህር። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። አሁን ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ መጀመሪያ ለአባቶች ዕድል እንስጥ።